ጫማውን በየትኛው እጁ ያዘ?

ኦቦ ቶለሳ መሞቱን የሰማሁት ጊምቢ ላይ ነው። እህቴ ወልዳ ልጠይቃት ሄጄ፣ ወደ ነቀምት ልመለስ አውቶቡስ ስሳፈር ረዳቱ ሻንጣዬን እየተቀበለ፣ "አዴ አስካለ፣ ያ ወዳጅሽ አስተርጓሚው አረፈ፤ ትናንት ነው አሉ" አለኝ። ምን ሆኖ ስለው እንጃ አለኝ። ዲዴሳን ስንሻገር ከኋላዬ የተቀመጡት ሴትዮ መርዝ መሆኑን ለጎረቤታቸው ሲነግሩ ሰማሁ። ትንሽ እንደሄድን አንድ ወታደር፣ መርዝ ሳይሆን ጥይት መሆኑን ከታመነ ሰው ሰምቻለሁ አለ። ነቀምት ልንገባ ስንል ቡዳም ተጨመረ።

እያለቀስኩ ሳቄ መጣ። ሴትዮዋ የሞቱ ዜና አእምሮዬን የነካኝ ሳይመስላቸው አልቀረም። እኔ ግን የማስበው ስለ እሱ ነበር። ቶለሳ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ያቺን አውቶቡስ እንዴት በወደዳት! አንድ ሞት ጭና ተነስታ ሦስት አራት ሞት ይዛ ከተማ የገባች አውቶቡስ ሌላ የት ይገኛል?

በጃንሆይ ጊዜ ነቀምት ላይ ፍርድ የሚሰጠው በአማርኛ ነበር። ከሳሹም፣ ተከሳሹም፣ ምስክሩም የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። በመሃላቸው የሚቆመው ቶለሳ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮቱ ሁልጊዜ ከትከሻው የሚሰፋው ሰው። የአስተርጓሚ ወጉ ደግሞ የተናጋሪውን ቃል እንዳለ ማድረስ ነው። ምስክሩ "እኔ አየሁ" ካለ "እኔ አየሁ"፤ ተከሳሹ "እኔ ወጋሁት" ካለ "እኔ ወጋሁት" ይላል እንጂ "ወጋሁት ይላል" ብሎ ከቃሉ ውስጥ አይወጣም። "ከጠዋት ጀምሮ እኔ ገደልኩ፣ እኔ ሰረቅሁ፣ እኔ የሰው ድንበር ገፋሁ ስል እውላለሁ" ይለኝ ነበር። "ለምሳ ስወጣ ለራሴ የምትሆን አንዲት ቃል አታስፈልገኝም?"

ያቺን ቃል የሚያወጣት እኔ ዘንድ ነበር። አባቴ ከጎጃም መጥቶ እዚሁ የቀረ ነጋዴ ነው፤ እኔ የነቀምት ልጅ ነኝ። የስፌት መኪናዬን የአንድ ጨርቅ ሻጭ በረንዳ ላይ አድርጌ ልብስ እሰፋለሁ። ቶለሳ በምሳ ሰዓት ከጎረቤት ሻይ ቤት አንድ ብርጭቆ ሻይ በቀኝ እጁ ይዞ ይመጣል። አይቀመጥም። በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሞ የዕለቱን ወንጀል ያወራል። ቀኙ ብርጭቆውን ስለያዘ ገዳዩም፣ ሟቹም፣ ጩቤውም፣ በሩም የሚሠሩት በግራ እጁ ነበር። ያቺ ግራ እጅ ስንት ሰው ገድላ ስንቱን ዘብጥያ እንዳወረደች ፈጣሪ ይወቀው። መጀመሪያ ሰሞን አንቱ ስለው፣ "አንቱ ለዳኛ ነው፣ እኔን ተይኝ" ብሎ ኮስተር ስላለብኝ እስከ መጨረሻው አንተ እያልኩት ኖርኩ።

ሰው እንዴት ይሰበሰብ ነበር! ቅቤ ሻጯ፣ ሹፌሩ፣ አስተማሪው፣ ከሚሲዮን ሐኪም ቤት የወጣው በሽተኛ ሳይቀር። የጨርቅ ሻጩ መንገዱ ተዘጋ ብሎ ያጉረመርማል፤ ግን እሱም ራሱ መጋረጃውን ገልጦ ይሰማል። አንድ ቀን ልለካት ደረቷ ላይ መርፌ የሰካሁባት ሴት፣ ቶለሳ "በሩ ሲጢጥ አለ" ሲል ደንግጣ ዘላ መርፌው ወጋት። ተቆጣሁ። በማግስቱ ግን ቀሚስ የማያስፈልጋቸው ሁሉ ቀሚስ ሊያሰፉ መጡ፤ ቁጣዬን ዋጥ አደረግሁት።

ሰሚዎቹን እሱ ከእኔ አብልጦ ያውቃቸው ነበር። "እይ" ይለኛል፣ "ወንዶቹ የሚጠይቁት ገዳዩ ምን እንደያዘ ነው። ሴቶቹ የሚጠይቁት በሩ መቀርቀሪያ ነበረው ወይ ብለው ነው።" እውነቱን ነው። የአንዲት መበለት ጉዳይ ያወራ ሳምንት አናጢው በመቀርቀሪያ ሥራ ተጨናንቆ ከረመ። ሰው ለምን እንዲህ ያለ ነገር መስማት እንደሚወድ አንድ ጊዜ ጠየቅሁት። ብርጭቆውን አዞር አዞር አደረገና፣ "ሟቹም እነሱ አይደሉም፣ ገዳዩም እነሱ አይደሉም" አለኝ። "ከሁለቱም አምልጠው ሻያቸውን ይጠጣሉ። ከዚህ የበለጠ ምን ጣፋጭ አለ?"

ክፋቱ የችሎት ሰዓት ሲደርስ ነው። ገዳዩ በሩን ገፋ አድርጎ ሊገባ ሲል ቶለሳ ብርጭቆውን ያስቀምጥና መንገዱን ይጀምራል። ሰዉ ከኋላው ይጮሃል፤ "ሰነ ቦዳ? ሰነ ቦዳ?" ከዚያስ፣ ከዚያስ ማለታቸው ነው። ከሁሉ በላይ የምትጮኸው ዲንቂቱ ነበረች። ዲንቂቱ ቅቤ ሻጭ ናት፤ ቅሏን አቅፋ ከፊት ትቀመጣለች፣ ታሪኩ ሳያልቅ የሄደ እንደሆነ እህል አይበላላትም። ቶለሳም ሰው ነው፣ ያቺ "ሰነ ቦዳ" ከዳኛው ምስጋና ትበልጥበት ነበር።

የበቅሎዋ ነገር የመጣው እንግዲህ እንዲህ ባለ ሰሞን ነው። ከሰፈራችን ጠርዝ የሚኖሩ አንድ ባላምባራስ ነበሩ። ሰው ሁሉ የሚቀናባት ዳለቻ በቅሎ ነበረቻቸው። አንድ ክረምት ማታ ታስራ አድራ ጠዋት ገመዷ ብቻ ተገኘ። ገመዱ አልተቆረጠም፤ ተፈትቷል። ዘበኛው አላየሁም፣ አልሰማሁም አለ። የሚታወቀው ይኸው ነበር። ጉዳዩ ገና ችሎት እንኳ አልደረሰም።

ሰዉ ግን መች ይህን ይሰማል! ቶለሳ መጥቶ ገመዱን፣ ዘበኛውን፣ ዝናቡን ነገራቸው።

"ሰነ ቦዳ?" አለች ዲንቂቱ።

"በቃ፣ ጠፋች።"

"እንዴት በቃ? ማን ፈታት?"

ሁሉም ቀና ብለው አዩት። እኔ በዚያች ሰዓት መኪናዬ ዝጎብኝ በላምባ እያጠብኩት ነበር፤ በረንዳው በሙሉ ላምባ ላምባ ይላል። ቶለሳ አየሩን ሳብ ሲያደርግ አየሁት። ዓይኑ በራ።

"ሰውየው ብቻውን መጣ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ጭቃው እንዳይጮህበት ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዟል።" ግራ እጁን ዝቅ አድርጎ ጫማ የያዘ መሰለ። "ዘበኛው አላየውም። ግን አንድ ነገር ሸተተው። ላምባ!"

ኡኡ ተባለ። ዲንቂቱ ቅሏን እቅፍ አድርጋ "ያ ዋቅ!" ብላ አምላኳን ጠራች። ቶለሳ ሻዩን ጨለጠና ወደ ችሎቱ ሄደ። እኔም ጨርቄን አጥቤ ሥራዬን ቀጠልኩ። የወሬውን ማማር እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ከተማው ውስጥ ላምባ የሚሸቱት ኦቦ ሂርጳ ነበሩ። ከገበያው ማዶ ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ላምባ በርሜል ሙሉ አስቀምጠው በጠርሙስ ይሸጣሉ። ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሰላምታ እንኳ ሲሰጡ አንገታቸውን ነው የሚነቀንቁት። ቶለሳ ስማቸውን አልጠራም፤ በልቡም እንዳልነበሩ በኋላ ምሎልኛል። ስሙን የጨመረው ሰሚው ነው። በመጀመሪያው ገበያ ቀን "ላምባ የሚሸተው ማን ነው?" ተባለ። በሚቀጥለው ገበያ ዲንቂቱ ከሱቃቸው ደጃፍ ተነስታ ቅቤዋን ይዛ ማዶ ሄደች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ከዚያ አንድ ቀን ልታሰፋ መጥታ ጆሮዬ ሥር፣

"አዴ አስካለ፣ እኔ እኮ አይቼዋለሁ" አለችኝ።

"ማንን?"

"ሂርጳን ነዋ። ያን ለታ ውሃ ልደፋ ስወጣ። ጫማውን በግራ እጁ ይዞ፣ ዝናቡ ውስጥ…"

"ዲንቂቱ፣ ይህን ቶለሳ ነው ያወራው። እዚህ ቁጭ ብለሽ ነው የሰማሽው።"

"እሱማ አወራ። እኔ ግን አየሁ!" አለች ተቆጥታ። እየዋሸች አልነበረም። ፊቷን ሳየው እንደምታምነው ገባኝ፤ ያስፈራኝም ያ ነው። ለቶለሳ ብነግረው ሳቀ። "ይረሱታል" አለኝ፤ "ነገ ሌላ ወንጀል አለ።"

አልረሱትም። ባላምባራሱ አውጫጭኝ አስጠሩ። ዛሬ ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ያን ጊዜ ሌባ ሲጠፋ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ወንጀለኛው እስኪነገር ሰውም ወደ ቤቱ፣ ከብትም ወደ ውሃው አይሄድም። ሽማግሌዎች ይመረጡና ሰዉ አንድ በአንድ እየቀረበ የሚያውቀውን በጆሯቸው ይላል። ማን እንደተናገረ አይወጣም፤ ሽማግሌዎቹ "ወፍ እንዲህ ትላለች" ብለው ይገልጡታል። ወፍ ካልመጣች የጠፋውን ዋጋ አገሩ ተሰብስቦ ይከፍላል። ስለዚህ ረፋዱ ሲገፋ፣ ጸሐዩ ሲከር፣ የሰዉ ሆድ ሲጮህ፣ ወፏ እንድትመጣ የማይፈልግ የለም።

የወረዳው ገዥ ዛፍ ሥር ወንበር ተዘርግቶላቸው ተቀምጠዋል። ኦሮምኛ አይሰሙም። አጠገባቸው የቆመው አስተርጓሚ ቶለሳ ነው። የሽማግሌዎቹ አፍ የሆኑት አዛውንት ተነስተው ጉሮሯቸውን ጠረጉና በኦሮምኛ ጀመሩ። ቶለሳም እንደ ልማዱ እየተከተለ ወደ አማርኛ ይመልሳል።

"ወፍ እንዲህ ትላለች። ሰውየው ብቻውን መጣ።"

ቶለሳን አየሁት፤ ሽማግሌውን ነበር የሚያየው።

"ጭቃው እንዳይጮህበት" አለ ቀስ ብሎ፣ "ጫማውን አውልቆ በግራ እጁ ይዟል።"

ሽማግሌው ቀጠሉ። ቶለሳ ዝም አለ። ያን ሁሉ ዘመን ቃል አጥሮት አይቼው አላውቅም። ገዥው "ምን አሉ?" ብለው ዞሩ። ከንፈሩን አራሰና አደረሰው፤ አንዲት ቃል ሳያጎድል።

"ዘበኛው አላየውም። የላምባ ሽታ ግን ሸተተው። ሰውየው ላምባ ሻጩ ሂርጳ ነው።"

ፖሊሶቹ ሰዉን ጥሰው ገብተው ኦቦ ሂርጳን ግራና ቀኝ ያዟቸው። ባርኔጣቸው ወደቀ። እሳቸው መሬት መሬቱን እያዩ፣ "ሱቄን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት" አሉ። አንድ ሰው ሁሉ ነገር ሲያልቅበት የሚለው ይህ ከሆነ፣ ያን ቀን ሰማሁት።

"ጌታዬ" አለ ቶለሳ፣ "ወፏ እኔ ነኝ።"

ገዥው ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለከቱ። "የትኛው ነው ይህን ያለው?"

"ሽማግሌዎቹ አላሉም፣ ጌታዬ።"

"ታዲያ 'እኔ' የሚለው ማን ነው?"

"እኔው ነኝ። ቶለሳ ነኝ። አሁን የማንንም ቃል እያስተረጎምኩ አይደለም።"

ገዥው አፍጥጠው አዩት። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ከዚያ አፍ ስንት "እኔ" ሲወጣ ሰምተው፣ አንዱም የሱ ሆኖ አያውቅም። አማርኛ የማይሰማው ሰው በበኩሉ "ማል ጄዴ? ምን አለ?" እያለ እርስ በርሱ ይጠያየቃል። የሚያስረዳው ጠፋ። ቶለሳ ወደ ሕዝቡ ዞሮ የራሱን ቃል ራሱ በኦሮምኛ መለሰላቸው፤ ታሪኩን በረንዳ ላይ ከራሱ እንደፈጠረው፣ ላምባውም የስፌት መኪና ማጠቢያ እንደነበረ ነገራቸው። እኔም ተጠርቼ፣ "አዎ፣ መኪናዬ ዝጎ ነበር" አልኩ። የምስክርነት ቃሌ ይኸው ነው።

ዲንቂቱ ግን ከሰዉ መሃል ብድግ አለች። "እሱ ይፍጠር! እኔ በዓይኔ አይቻለሁ! ከእግዜር በታች አይቻለሁ!"

ቶለሳ አልተቆጣትም። እንዲያውም ድምፁ ለስለስ አለ። "ጫማውን በየትኛው እጁ ያዘ፣ ዲንቂቱ?"

"በግራ እጁ!"

"ለምን በግራው?"

"እኔ ምን አውቄ! በግራው ነው የያዘው!"

"ቀኝ እጄ ሻይ ይዞ ስለነበረ ነው" አላት። ቀኙን ብርጭቆ እንደያዘ ከፍ፣ ግራውን ጫማ እንደያዘ ዝቅ አድርጎ እንደዚያን ለታው ቆመ።

ዲንቂቱ ያቺን ግራ እጅ አየቻት። ከዚያ ቀስ ብላ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ኦቦ ሂርጳ አልሳቁም። ፖሊሶቹ ሲለቋቸው ባርኔጣቸውን አንስተው እያራገፉ ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

ገዥውም አልሳቁም። የመንግሥት አፍ ሆኖ ወሬ የሚፈበርክ ሰው ችሎት አይቆምም ብለው ቶለሳን ከሥራው አስወጡት። አገሩም የበቅሎዋን ዋጋ ከፈለ። ሰው የተናደደው በገንዘቡ ይመስላችኋል? አይደለም። ያበሳጫቸው ሌባቸውን መነጠቃቸው ነው። እንዲህ ያለ ያማረ ሌባ፣ ጫማው፣ ሽታው፣ ሁሉ ነገሩ የተሟላ፣ ሜዳ ላይ ተወስዶባቸው ባዶ ገመድ ብቻ ቀረላቸው። ቶለሳን ለረጅም ጊዜ ሰላም የሚለው ሰው አልነበረም። ወደ እኔ በረንዳም መምጣት ተወ። የምሳ ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ሳላዘው መንገዱን ያያል፤ ያን ያህል እንደምወደው ያወቅሁት ያኔ ነው።

ያነሱት ኦቦ ሂርጳ ናቸው። ቤቱ ሄደው፣ "ስሜን ገበያ ያወጣኸው አንተ ነህ። አሁን ደጃፌ ላይ ተቀምጠህ ጠብቀው" አሉት። በሳምንቱ ቶለሳን ላምባ ሲቀዳ አየነው። ሁለቱ ምን ያህል እንደሚዋደዱ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብን፤ አንዱ አይናገርም፣ ሌላው ዝም አይልም።

ማውራቱን አልተወውም። እንዴት ይተዋል! ነገር ግን አወራሩ ተለወጠ። ድሮ የሚጀምረው ከገዳዩ ነበር፤ አሁን ከሟቹ ይጀምራል። ሰውየው ያን ጠዋት ምን ሊያደርግ አስቦ እንደወጣ፣ ማንን ሊጠይቅ እንደነበር፣ የዘራው በቆሎ ስንት ክንድ እንደደረሰ። ገዳዩ ሲመጣ ሟቹን እናውቀዋለን። ዕውቀቱ ያለቀበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ "እኔ የማውቀው እዚህ ድረስ ነው" ይልና ላምባውን መቅዳት ይጀምራል። "ሰነ ቦዳ?" ቢባል፣ ቢለመን፣ አይጨምርም። ብዙ ሰው እየተናደደ ተወው። ሹፌሮቹ ሄዱ፣ አስተማሪው ሄደ። ሴቶቹ ቀሩ። ቀርተውም ዝም አላሉም፤ እሱ ካቆመበት ላይ የሚታወቀውንና የማይታወቀውን እየለዩ ይከራከራሉ። አንዷ ማጋነን የጀመረች እንደሆነ ሌላዋ "በየትኛው እጁ?" ትላታለች። ይህች ጥያቄ ከተማውን ሁሉ ዞረች። ባሏ ማታ የት እንዳመሸ ሲያወራ "በየትኛው እጅህ?" ያለች ሴትም አውቃለሁ።

እኔ፣ እውነት ለመናገር፣ የድሮው ይናፍቀኝ ነበር። መጨረሻ ያለው ነገር እወዳለሁ። አንድ ቀን ላምባ ልገዛ ሄጄ ብቻውን ሳገኘው፣ "ለመሆኑ በቅሎዋን ማን ወሰዳት?" አልኩት። ጠርሙሴን ይዞ እስኪያነባ ሳቀ። "አስካለ! አንቺም?"

እንግዲህ ከአውቶቡሱ ወርጄ በቀጥታ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቷል። አውቶቡሱ ውስጥ የነበረው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ገብቷል፤ እዚህ ደግሞ አቅጣጫ ይዟል። ቶለሳ የሞተው ኦቦ ሂርጳ ሱቅ ውስጥ ነው። ምሳ በልተው እንዳበቁ ነው። ምሳው ደግሞ ከሂርጳ ቤት የመጣ ነው። ሰዉ ይህን በሹክሹክታ እየተቀባበለ ወደ አንድ ጥግ ያያል። ጥጉ ላይ ኦቦ ሂርጳ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ በአግዳሚው ላይ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው የለም። ያን ሜዳ፣ እነዚያን ፖሊሶች አስታወስኩ። አሁን "እኔ ነኝ" ብሎ የሚቆምላቸው ሰው የለም፤ ሞቷል።

አንድ ሽማግሌ ለወጉ ያህል፣ "እስኪ አሟሟቱን ንገሩን" አሏቸው።

ተናግረው የማያውቁት ኦቦ ሂርጳ ቀና አሉ። "ጠዋት ደህና ነበር" አሉ። "ዝናቡ ካባራ ማታ ለአስካለ አዲስ ወሬ አለኝ አለ፤ ጊምቢ መሆኗን ረስቶ ነው። ምሳ አብረን በላን። ስለ በቅሎዋ አነሳሁበት። ሳቀ። ሻይ በቀኝ እጁ ይዞ ነበር። ግድግዳውን ተደገፈ። ብርጭቆው ወደቀ።"

"ሰነ ቦዳ?" አለች ዲንቂቱ። አርጅታለች፤ ድምጿ ግን ያው ነው። ሁሉም እሳቸውን ያያል።

"እኔ የማውቀው እዚህ ድረስ ነው" አሉ ኦቦ ሂርጳ፣ እንባቸው ባርኔጣቸው ላይ እየወረደ።

ዲንቂቱ ወደሚንሾካሾኩት ዞር ብላ፣ "ሰማችሁ? ያወቁትን ነገሯችሁ" አለች። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች፤ ድንኳኑን አቋርጣ ሄዳ ከኦቦ ሂርጳ አጠገብ ተቀመጠች።